የአንጀት ነገር

አማርኛችን ለአንጀት የሰጠውን ሥልጣን ለልብ እንኳ የሰጠው አይመስለኝም። የተጎሳቆለ ሰው ስናይ «አንጀቴን በላው» እንላለን። ርኅራኄ የጎደለውን «አንጀተ ቢስ» ብለን እንፈርድበታለን። የናፈቅነውን ስናገኝ አንጀታችን ይርሳል፤ በደል ሲደርስብን አንጀታችን ያርራል። እኔም በጽሑፍ ሙያ እስካለሁ ድረስ እነዚህን ፈሊጦች እንዳሻኝ ስበትናቸው ኖሬያለሁ። ባለፈው ክረምት ግን ነገሩ ከፈሊጥነት አለፈና ከትልቁ አንጀቴ ላይ አንድ ክንድ ያህሉ ተቆርጦ ወጣ።

«ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ይባላል። የእኔን ሆድ ያባውን ያወጣው ቢላዋ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ሲቆርጠኝ ደብቄው ነበር። የወር ደመወዝ በሌለው ጸሐፊ ቤት በሽታ ማለት ወጪ ነው፤ ወጪ ደግሞ እስኪቻል ድረስ ይሸሸጋል። ጤና አዳም በቡና ጠጣሁ፤ ፌጦም ተበጠበጠልኝ። በሦስተኛው ቀን ሆዴ እንደ ከበሮ ተወጠረ። ታላቅ እህቴ በታክሲ አድርጋ ሆስፒታል አደረሰችኝ። ሐኪሙ ራጁን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ካዩ በኋላ «አንጀትህ ተጠምዟል» አሉኝ።

ይህ በሽታ በአገራችን ለአንጀት መዘጋት ዋና ዋና ምክንያቶች ከሚባሉት አንዱ ነው። የትልቁ አንጀት የታችኛው ክፍል በአንዳንዶቻችን ዘንድ ከመጠን በላይ ረዘም ያለ ነው። ይህ የረዘመ ክፍል ሥሩ ላይ እንደ ገመድ ሲጠማዘዝ በውስጡ የሚያልፈው ሁሉ ይዘጋል፤ ወደ እሱ የሚሄደው ደምም ይቋረጣል። በጊዜ ከተደረሰ በፊንጢጣ በኩል በሚገባ ቱቦ አየሩን አስተንፍሶ መፍታት ይቻላል። ከዘገየ ግን አንጀቱ ይጠቁራል፤ የጠቆረ አንጀት ተቆርጦ ከመውጣት በቀር ሌላ መላ የለውም። የእኔ ጠቁሮ ነበር። በተመረዘና ባበጠ ሆድ ውስጥ የተቆረጡትን ሁለት ጫፎች ወዲያው መስፋት አደገኛ በመሆኑ፣ ታችኛው ጫፍ ተዘግቶ ላይኛው በሆዴ ግራ በኩል ወደ ውጭ እንዲከፈት ተደረገ። ስነቃ በዚያ ቦታ ላይ አንዲት ከረጢት ተለጥፋ አገኘኋት።

በማግስቱ ጀምሮ ሐኪሞቹ በየጠዋቱ አልጋዬን ከብበው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ «አየር ወጥቷል?» በአደባባይ አየር ማስወጣት እንደ ነውር በሚቆጠርበት አገር ያደገ ሰው፣ ሰባት ነጭ ለባሾች ፊት እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ ምን እንደሚሰማው አንባቢ ይገምተው። ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። ሆድ በተከፈተ ጊዜ አንጀት ደንግጦ ሥራውን ያቆማል፤ እንደገና መንቀሳቀስ መጀመሩን ከሚያበሥሩት ምልክቶች ዋናው ይኸው አየር ነው። በአራተኛው ቀን ከረጢቷ ነፋ ብላ ስትታይ፣ አጠገቤ የተኛው ከገጠር የመጣ ገበሬ «እንኳን ደስ ያለህ» አለኝ። እሱም ከረጢት ይፈልግ ነበር፤ ስላልተገኘለት ግን ሆዱ ላይ በጨርቅ የታሰረለት ፌስታል ነበር።

* * *

በዘጠነኛው ቀን ወደ ቤት ተመለስኩ። ፍልሰታ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ እኔ በእናቴ ቤት ሁለት ጋቢ ደርቤ ተጋድሜአለሁ። ሐኪሙ የሰጡኝ ትእዛዝ አጭር ነው። በየቀኑ ተራመድ፤ ጥቂት ጥቂት እየደጋገምህ ብላ፤ እስከ ስድስት ሳምንት ከባድ ነገር አታንሣ፤ ከሦስት ወር በኋላ ጫፎቹን እንድናገናኝልህ ተመለስ። እናቴ ከዚህ ውስጥ የተቀበለችው ከባድ ነገር አታንሣ የሚለውን ብቻ ነው። ከአልጋ ወርጄ ሁለት እርምጃ በተራመድኩ ቁጥር «አርፈህ ተኛ ልጄ፤ የተሰፋ ነገር ይፈታል» ትላለች። እሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳትቀምስ እየዋለች፣ ለእኔ በጾሙ መካከል እንቁላል ትቀቅላለች፤ አጥሚት ታማስላለች።

ጠያቂ አይቀርምና ጎረቤቱም የዕድሩ ሰውም ብርቱካንና ዳቦ እየያዘ ይመጣ ጀመር። «ምን ነበር ያመመህ?» ሲሉኝ አፌ ላይ የመጣልኝ «ትርፍ አንጀት ነው» የሚል ውሸት ነበር። ትርፍ አንጀት የተከበረ በሽታ ነው፤ ስሙ ራሱ ተቆርጦ ቢወጣ አይጎዳም የሚል ነው። ከረጢቷ በጋቢው ሥር ትደበቃለች፤ እኔም ድንገት ድምፅ እንዳታሰማብኝ ወይም እንዳትሸትብኝ እየተሳቀቅኩ ሰዎቹ ቶሎ እንዲሄዱ እመኛለሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጠያቂ ሲመጣ የተኛሁ መምሰል ጀመርኩ።

ከረጢቷን የምትለውጥልኝ ታላቅ እህቴ ነበረች። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትለውጥልኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። እሷ ግን እጇ እየሠራ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ታወራልኝ ነበር። በኪሎ ስንት እንደ ገባ፣ ማን ጨምሮ እንደ ሸጠላት፣ ከየትኛው ሱቅ ረከስ እንደሚል። በየለውጡ ወሬው ይኸው ነው። ሥራዋን ስትጨርስ ግን ወደ ግቢው ወጥታ ቧንቧው አጠገብ ለረጅም ጊዜ እጇን ስትታጠብ ውኃው ይሰማኛል። አንድ ቀን ውኃው ቆሞ እሷ ሳትመለስ ቆየች። ስትገባ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። «ጭሱ ነው ወንድምዓለም» አለችኝ። በዚያን ቀን በቤታችን እሳት አልተነደደም።

* * *

መተኛቱ ሲሰለቸኝ ማንበብ ጀመርኩ። ዲፕሎማዬ የጋዜጠኝነት ነው፤ የገባኝን ያህል እንኳ ባይሆን የሚያስጨንቀኝን ነገር አጥርቼ ካላወቅሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ እንደ እኛ መሆናቸውን ካልጠቀስኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የጀመርኩት ከውሸቴ፣ ማለትም ከትርፍ አንጀት ነው። በ1902 የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ ዘውድ ሊጭኑ ሁለት ቀን ሲቀራቸው የትርፍ አንጀታቸው አካባቢ መግል ቋጥሮ ወደ ሞት አፋፍ አደረሳቸው። ንጉሡ በዓሉ አይስተጓጎል ብለው ቢከራከሩም ሰኔ 24 ቀን ሰር ፍሬድሪክ ትሪቭስ እዚያው ቤተ መንግሥት ውስጥ ሆዳቸውን ከፍቶ መግሉን አፈሰሰ። ለግብዣው ከተሰናዳው ምግብ ብዙው ለለንደን ድሆች ታደለ። ንጉሡ ያገገሙት በኋላ በመርከባቸው ላይ ሆነው የባሕር አየር እየተቀበሉ ነው። ከቀዶ ጥገናው በ46ኛው ቀን፣ ነሐሴ 9 ቀን፣ ዘውዱን ጫኑ። በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 3 ቀን 1894 ዓ.ም. መሆኑ ነው። አጼ ምኒልክን ወክለው በበዓሉ ከተገኙት እንግዶች አንዱ ራስ መኮንን ነበሩ። የሐረሩ ገዥ የተመለከቱት ሥነ ሥርዓት እንግዲህ የአንድ በሽተኛ ማገገሚያ ፍጻሜም ነበር ማለት ይቻላል።

ያን ጊዜ ሆዱ የተከፈተ ሰው ለሳምንታት ጀርባው ላይ ይተኛ ነበር። ሐኪሞቹ የሚፈሩት ልክ እናቴ የምትፈራውን ነው፤ ስፌቱ እንዳይፈታ፣ ሆድ እንዳይዘረገፍ። እርግጥ በ1899 ኤሚል ሪስ የተባለ የቺካጎ ሐኪም በሽተኞቹን በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ከአልጋ እያስነሣ እንደሚያስኬድና እንደሚያበላ ጽፎ ነበር፤ ብዙ ሰሚ ግን አላገኘም። አሳቡ ተቀባይነት ያገኘው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ አልጋና አስታማሚ ባነሰበት ጊዜ ነው። ቶሎ ተነሥተው የሄዱት በሽተኞች ስፌታቸው አልተፈታም። እንዲያውም ለረጅም ጊዜ መተኛት ራሱ እግር ውስጥ ደም እንደሚያረጋ፣ ሳንባ እንደሚያስይዝና ጡንቻ እንደሚያሟሽሽ ታወቀ። በ1990ዎቹ ደግሞ ዴንማርካዊው ቀዶ ሐኪም ሄንሪክ ኬሌት በየዘርፉ የተበታተነውን ዕውቀት አንድ ላይ አሰባሰበው። ሕመሙን በጀርባ በኩል በሚሰጥ መድኃኒት ማስታገስ፣ በሽተኛውን ሳይዘገዩ መመገብ፣ ቱቦዎቹን ቶሎ መንቀል፣ ወዲያው ማራመድ። በዚህ ዓይነት አንጀታቸው በዕቅድ ከተቆረጠላቸው በሽተኞቹ ብዙዎቹ በሁለትና በሦስት ቀን ወደ ቤታቸው ይሄዱ ጀመር። ቀድሞ ሳምንትና ከዚያም በላይ የሚፈጅ ነገር ነበር።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ከእናቴ ጋር መከራከር ተውኩ። እናቴ የንጉሥ ኤድዋርድን ሐኪሞች ሕክምና ነበር የምትሰጠኝ። የነገሥታት ሕክምና የነበረውን ነገር የባልቴት ወሬ ብሎ ማጣጣል ነውር ነው። አጥሚቷማ ለሁለቱም ዘመን ሐኪሞች የሚስማማ ነው፤ ለስለስ ያለ፣ ውኃና ኃይል ያለው። እናም ተስማማን፤ ትእዛዟን አክብሬ እየተኛሁ፣ ለዳዊት ደገማዋ ፊቷን በመለሰች ቁጥር ደግሞ በግቢው ውስጥ ሃምሳ ሃምሳ እርምጃ እሄዳለሁ።

* * *

ከዚያ ወደ ከረጢቷ ታሪክ አለፍኩ። አንጀትን በሆድ በኩል የመክፈት አሳብ የቆየ ነው። በ1776 ፒሎር የተባለ ፈረንሳዊ ቀዶ ሐኪም በሩዋን ከተማ ፊንጢጣው በዕጢ የተዘጋበትን አንድ የወይን ጠጅ ነጋዴ ሆድ ከፍቶ ለአንጀቱ መውጫ አበጀለት። ቀዳዳው በስፖንጅና በመቀነት ይሸፈን ነበር። ቀዳዳው ሥራውን በሚገባ ሠራ፤ ሰውየው ግን በ28ኛው ቀን ሞተ። የሞተው አስቀድሞ የተዘጋውን አንጀት ገፍቶ እንዲከፍት ተብሎ በዋጠው ሜርኩሪ ጠንቅ ነው። በ1793 ደግሞ ዱሬ የተባለው ሐኪም በብሬስት ከተማ ፊንጢጣው ሳይከፈት ለተወለደ የጥቂት ቀን ሕፃን ልክ እኔ በተከፈትኩበት በግራ በኩል ቀዳዳ አበጀለት። ያ ሕፃን አድጎ እስከ 45 ዓመቱ ኖረ። የእኔን ዓይነት ቀዶ ጥገና፣ የታመመውን ቆርጦ ታችኛውን ጫፍ ዘግቶ ላይኛውን ማውጣትን፣ በ1921 ያቀረበው ፈረንሳዊው አንሪ ሃርትማን ነው፤ እስከ ዛሬም በስሙ ይጠራል።

የሐኪሞቹ ስም እንዲህ በደንብ ተመዝግቧል። እኔ ግን አልጋዬ ላይ ሆኜ የማስበው ስለዚያ የብሬስት ሕፃን እናት ነበር። በ1793 የሚለጠፍ ከረጢት የለም፤ ያለው ጨርቅ ነው። ቢላዋው ሥራውን የጨረሰው በአንዲት ቀን ነው፤ ጨርቁ ግን በየዕለቱ ይታጠባል። ስንት ጨርቅ አጥባ ይሆን?

ከዚያ በኋላም ቢሆን ለ150 ዓመታት ያህል ነገሩ ብዙ አልተሻሻለም። በመቀነት የሚታሰሩ የብረትና የብርጭቆ ኩባያዎች፣ የጎማ ከረጢቶች ነበሩ፤ ይከብዳሉ፣ ያፈሳሉ፣ ይሸታሉ። ለውጡ የመጣው በ1954 ነው። ያመጣችው ሰው ደግሞ ቀዶ ሐኪም አልነበረችም። ኤሊሴ ሶረንሰን የተባለች ዴንማርካዊት ነርስ ቶራ የምትባል እህት ነበረቻት። ቶራ አንጀቷ እንደ እኔ በሆዷ በኩል ተከፍቶ ነበርና ያፈስብኛል፣ ይሸትብኛል በሚል ስጋት ከቤት መውጣት ፈራች። ኤሊሴ የእህቷን መኮራመት እያየች አሰበችና በቆዳ ላይ የሚጣበቅ፣ ሲሞላ ተነቅሎ የሚጣል የፕላስቲክ ከረጢት ፈጠረች። አሳቧን ይዛ በየአምራቹ ደጅ ጠናች፤ እንቢ አሏት። በመጨረሻ ኦገ ሉዊስ ሀንሰን ወደ ተባለ የፕላስቲክ ዕቃ አምራች ሄደች። እሱም አመንትቶ ነበር፤ ነርስ የነበረችው ሚስቱ ግን የነገሩ ጥቅም ወዲያው ገብቷት አግባባችው። በ1957 የተመሠረተውና ዛሬም በዓለም የታወቀው ኮሎፕላስት የተባለው ኩባንያ ከዚህ የመጣ ነው።

ይህን ባነበብኩበት ማታ ከግድግዳው ፊቴን አዞርኩ። እህቴ ያቺን ከረጢት ፍለጋ ከፒያሳ እስከ ተክለ ሃይማኖት ያሉትን ፋርማሲዎች በዝናብ ስትዞር መዋሏን የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ አላወቅሁትም። «እታለም፣ ይቺን ነገር የፈጠረቻት እኮ አንዲት ነርስ ናት፤ ለእህቷ ብላ» አልኳት። እጇ ሥራውን አላቋረጠም። «ለወንድሟ ቢሆን ኖሮ ምን ትፈጥር ነበር?» አለችና ወደ ሽንኩርቱ ተመለሰች።

* * *

አንድ ሰው ልጨምር። ፈረንሳዊው ሠዓሊ አንሪ ማቲስ በጥር 1941፣ በ71 ዓመቱ፣ በሊዮን ከተማ ለአንጀት ካንሰር ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ሥራዎቹን እንዲጨርስ ሦስት ወይም አራት ዓመት ብቻ እንዲያተርፉለት ሐኪሞቹን ለምኖ ነበር። ያስታመሙት መነኮሳት «ከሞት የተነሣው» የሚል ቅጽል ስም አወጡለት። ከዚያ በኋላ እንደ ልቡ ቆሞ መሣል ስላልቻለ፣ ረዳቶቹ ቀለም የሚቀቡለትን ወረቀት በአልጋውና በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ በመቀስ እየቆረጠ ሥዕል ይሠራ ጀመር። በ1947 የወጣውና «ጃዝ» የተባለው መጽሐፉ የዚያ ፍሬ ነው። ለጠየቀው ሦስት አራት ዓመት ወደ 14 የሚጠጋ ተሰጠው፤ ያረፈው በኅዳር 1954 ነው። በ1942 አስታማሚ ፈልጎ ባወጣው ማስታወቂያ ሞኒክ ቡርዧ የተባለች ወጣት ነርስ ተቀጥራለት ነበር። ይህች ልጅ በኋላ መነኮሰች፤ ለገዳሟ ጸሎት ቤት ለማሠራት ስታስብም የቀድሞ በሽተኛዋን አማከረችው። በ1951 የተመረቀው የቫንስ ጸሎት ቤት፣ ማቲስ ራሱ ከሥራዎቹ ሁሉ የበላይ አድርጎ የቆጠረው፣ በሽተኛና አስታማሚ ተገናኝተው የሠሩት ነው።

እኔ ማቲስ አይደለሁም፤ ጥበብም ከበሽታ ይወለዳል ብዬ ለመስበክ አልነሣም። በእነዚያ ሳምንታት የጻፍኩት የመድኃኒት ወጪ ዝርዝር ብቻ ነው። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ንባብ አንድ ነገር ቀርቶልኛል። የቀዶ ጥገና ታሪክ የሚጻፈው በቢላዋው ሰዓት ላይ ነው። ሰው ተመልሶ ሰው የሚሆነው ግን ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ በቤት ውስጥ፣ በአስታማሚ እጅ ነው። አማርኛችን «አስታማሚ» የሚለውን ቃል ሲፈጥር ከሕመምተኛው ጋር ከአንድ ሥር ማውጣቱ ያለ ነገር አይደለም።

* * *

በመስከረም የዕድራችን ዳኛ ሊጠይቁኝ መጡ። እንደ ልማዴ ልተኛላቸው ስል ቀድመው አዩኝ። «ትርፍ አንጀት ነው አሉ» ብለው ጀመሩ። ዝም አልኩ፤ ከዚያ ጋቢውን ገለጥ አድርጌ ከረጢቷን አሳየኋቸው። ሽማግሌው ጥቂት አዩና ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

አገር ቤት አንድ ወንድም እንደ ነበራቸው ነገሩኝ። እንደ እኔው አንጀቱ ታጥፎ ተቀደደ፤ እንደ እኔው ተከፈተለት። ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን ከሰው ፊት መውጣት ተወ፤ ገበያም ቤተ ክርስቲያንም ቀረ፤ መልሰው እንዲያገናኙለት በተቀጠረበት ቀን እንኳ «በዚህ ነገሬ አውቶብስ ላይ ከሰው ጋር አልሳፈርም» ብሎ ሳይሄድ ቀረ። «የገደለው አንጀቱ አይደለም። ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ከስቶ ከስቶ ነው የሞተው» አሉኝ። ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ?» አሉና ሄዱ።

በሳምንቱ እሑድ እህቴ ጎረቤታችን ባልቴት ቤት ለቡና ስትጠራ አብሬያት ሄድኩ። ከቤታችን እስከዚያ መቶ እርምጃ አይሞላም፤ ለእኔ ግን ረጅም ነበር። አቦሉ በሰላም አለፈ። ቶናው እየተቀዳ ሳለ የፈራሁት ደረሰ፤ ከረጢቷ በሰው ሁሉ ፊት ረጅምና ጥርት ያለ ድምፅ አሰማች። ጨዋታው ቆመ። ላብ አጠመቀኝ። እህቴ ስለ ሽንኩርት ለማንሣት አፏን ስትከፍት ባለቤቲቱ ቀደሟት። ጀበናቸውን እንደ ያዙ፣

«እሰይ! አንጀት ሲናገር ደግ ነው። የሚያስፈራው ዝም ሲል ነው» አሉ።

ሰባቱ ነጭ ለባሾች በየጠዋቱ አልጋዬ ላይ ሲጠይቁኝ የነበረውን ነገር ሴትዮዋ ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁታል። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ስፌቴን በእጄ ደግፌ ሳቅሁ። ለሁለተኛው ቀዶ ጥገና ገና ሁለት ወር ይቀረኝ ነበር። በረካውንም ጠጥቼ ነው የወጣሁት።